የነርቭ ጫፍ ለምልክት እንዴት ይመልሳል? ከዲሽ አጠገብ የተጻፈ የሥራ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ዕቅድ

ሥራው ዛሬ ተጀመረ፤ ማስታወሻውንም አብሬ እጀምራለሁ። ጥያቄዬ አጭር ነው። የሚያድግ የነርቭ ሴል «ወደዚህ አትምጣ» የሚል ኬሚካል ሲደርሰው የግድ ይሸሻል? ወይስ መልሱን የሚወስነው ሴሉ በዚያች ሰዓት ያለበት ሁኔታ ነው?

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። የመማሪያ መጻሕፍት ላይ ምልክቶቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ይቀመጣሉ፣ ሳቢ እና ገፊ። ኔትሪን የሚባለው ፕሮቲን ይስባል፣ ሴማፎሪን የሚባለው ይገፋል፣ አለቀ። ለመጀመሪያ ትምህርት ደህና ነው፤ ማይክሮስኮፕ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ግን አይበቃም። ስለዚህ የማደርገው ይህን ነው፦ ከጫጩት ሽል የስሜት ነርቭ ቋጠሮዎችን (የነርቭ ሴሎቹ አካል የተሰበሰበባቸውን ጉብታዎች) አውጥቼ ዲሽ ላይ፣ ማለትም ሴል በሚያድግበት ትንሽ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ፣ አሳድጋለሁ፣ ሴማፎሪን 3ኤ የሚባለውን ገፊ ፕሮቲን እሰጣቸዋለሁ፣ ከዚያ ምልክቱን እንዳለ ትቼ የሴሎቹን ሁኔታ እየቀያየርኩ መልሱ አብሮ ይቀየር እንደሆነ አያለሁ።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆነ ሰው ትንሽ ላብራራ። ነርቭ ሴል ሲያድግ ረጅም ክር ያወጣል፤ አክሰን ነው። የአክሰኑ መጨረሻ ላይ ዝርግ ያለ፣ ያለ ዕረፍት የሚንቀሳቀስ ጫፍ አለ። ግሮውዝ ኮን ይሉታል፤ እኔ እዚህ «ጫፍ» ብቻ እለዋለሁ። ስፋቱ 10 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው፣ የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ ማለት ነው። ዳሩ ላይ ስስ ሽፋን አለው። ከሽፋኑ ደግሞ ፊሎፖዲያ የሚባሉ ቀጫጭን ጣቶች ይወጣሉ። መንገድ የሚፈልገው፣ የሚመርጠው፣ የሚታጠፈው ይህ ጫፍ ነው፤ የሴሉ አካል ኋላ ቀርቷል።

ራሞን ኢ ካሃል ይህን ጫፍ በጫጩት ሽል ህብለ ሰረሰር ውስጥ አይቶ የገለጸው በ1890 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያየው በቀለም የተነከረ የሞተ ሥጋ ነበር፤ እንደሚንቀሳቀስ ግን ገብቶታል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጫፉን ኬሚካል ሊመራው ይችላል አለ። ሮስ ሃሪሰን ከእንቁራሪት ሽል የወሰደውን ቁራጭ በሊምፍ ጠብታ ውስጥ አንጠልጥሎ በሕይወት ያለ ጫፍ ሲጓዝ ያየው በ1907 ነው። ሴልን ከአካል ውጭ ማሳደግ የሚባለው ሥራ ሁሉ ከዚያ ሙከራ ነው የተነሣው። እኔም ነገ የምይዘው ዲሽ የዚያ ጠብታ ዘር ነው።

ዓርብ፣ መሬቱን ማዘጋጀት

አክሰን ባዶ መስታወት ላይ ደህና አያድግም። የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። መስታወቶቹን መጀመሪያ ሴል እንዲጣበቅ በሚረዳ ፖሊላይሲን ውስጥ አሳደርኩ፣ ደጋግሜ አጠብኩ፣ ከዚያ በሚሊ ሊትር 20 ማይክሮግራም ላሚኒን ሸፈንኳቸው። ላሚኒን በሽሉ አካል ውስጥ ሴሎች ከሚቆሙባቸው ፕሮቲኖች አንዱ ነው። አክሰኑ በላዩ ላይ ያሉትን ኢንተግሪን የሚባሉ ተቀባዮች ዘርግቶ ይይዘዋል።

ማጠቡን ችላ አትበሉት። ፖሊላይሲን በብዛት ከቀረ ለሴል መርዝ ነው። ላሚኒኑ ደግሞ መድረቅ የለበትም፤ አንዴ ከደረቀ አክሰኖቹ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ገሸሽ ይላሉ፣ እናንተም ምልክቱ ነው የገፋቸው ብላችሁ ትደመድማላችሁ።

መሬቱን ትንሽ ነገር አድርገው የሚያልፉት ብዙዎች ናቸው። የሆፕከር እና የሆልት ቡድን በ1999 ያሳየው ግን ሌላ ነው። ከእንቁራሪት ዓይን ሬቲና የሚወጣ አክሰን ወደ ኔትሪን ይሳባል። ላሚኒን ሲጨመርበት ያው አክሰን ከዚያው ኔትሪን ይሸሻል። ምልክቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አክሰኑ የቆመበት መሬት ነው። ይህን ሥራ እንድጀምር የገፋፋኝም ይኸው ውጤት ነው።

ሰኞ፣ ቋጠሮዎቹን ማውጣት

እንቁላሎቹ በ38 ዲግሪ ሲታቀፉ ቆይተው ሽሉ ስምንተኛ ቀኑን ይዟል። ዕድሜው የተመረጠው በምክንያት ነው። በዚህ ጊዜ ከስሜት ነርቭ ሴሎቹ ብዙዎቹ ለመኖር ኤንጂኤፍ የሚባለውን የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን ይፈልጋሉ፣ ለሴማፎሪን 3ኤም መልስ ይሰጣሉ። በጣም ካረጀ አክሰን ማውጣቱ ይዘገያል፣ ቋጠሮውን ማጽዳትም ያስቸግራል።

ቅርፊቱን ከሰፊው ጫፍ ከፍቼ ሽሉን አወጣሁና በቀዝቃዛ ጨዋማ መፍትሔ ውስጥ በጀርባው አስተኛሁት። የሆድ ዕቃውን በወረንጦ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። ያኔ አከርካሪው ይገለጣል፤ ከግራና ከቀኙ ክብ ክብ ያሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጫጭ ቋጠሮዎች ተሰልፈው ይታያሉ። ከወገብ በታች ያሉት ተለቅ ይላሉ፤ የእግሩን ነርቭ የሚሰጡት እነሱ ስለሆኑ ነው። እነሱን ወሰድኩ። እያንዳንዱ ላይ የተንጠለጠለውን የነርቭ ሥር በሁለት ስል ወረንጦ መልቀም ያስፈልጋል፤ ሥሩ ከቀረ ከአክሰን ቀድመው ሌሎች ሴሎች ከዚያ እየወጡ ሜዳውን ይሞሉታል።

ከዚያ ቋጠሮዎቹን መስታወቱ ላይ አራርቄ አስቀመጥኩ። ሚዲየሙ፣ ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ፣ በጣም ጥቂት ይሁን፤ ጥልቅ ከሆነ ቋጠሮው ይንሳፈፍና አይጣበቅም። በውስጡ በሚሊ ሊትር 20 ናኖግራም ኤንጂኤፍ አለ። ኢንኩቤተር ገቡ። ዛሬ ከዚህ በላይ የሚነካ ነገር የለም።

ማክሰኞ ጠዋት

ወጥተዋል! ከእያንዳንዱ ቋጠሮ ዙሪያውን አክሰን ተዘርግቷል፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ በሁሉም አቅጣጫ። ኤንጂኤፍ የሌለበት ዲሽ ላይ ያሉት ቋጠሮዎች ግን ራቁታቸውን ናቸው፤ አንድ ሁለት ክር ቢታይ ነው።

ይህን ዙሪያ ገባ ዝርጋታ ያሳየችን ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ናት። ከቪክቶር ሃምበርገር ጋር ስትሠራ የአይጥ የካንሰር ዕጢ አጠገቡ ያለ የጫጩት ነርቭ በብዛት እንደሚያድግ አየች፤ ከዚያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሪዮ ዴ ጃኔይሮ ሄዳ ዕጢውንና ቋጠሮውን ዲሽ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ዝርጋታውን በዓይኗ አረጋገጠች። ስታንሊ ኮኸን ኬሚካሉን ለማጥራት ሲሞክር፣ ኒውክሊክ አሲዱን እንዲያጠፋለት የእባብ መርዝ ጨመረ። መርዙ ነርቭ የማሳደግ ኃይሉን ከማጥፋት ይልቅ አበዛው፤ ለካ መርዙ ራሱ ኤንጂኤፍ የሞላበት ነበር። ሌቪ-ሞንታልቺኒ እና ኮኸን በ1986 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ታሪኩን የማነሣው ያለ ነገር አይደለም። ያ ኤንጂኤፍ አሁን የእኔ ሙከራ ዋና ተዋናይ ሊሆን ነው፤ እዚህ ከመመገብ ያለፈ ሥራ አለው።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ አንድ ጫፍ

ከሰዓቱን ሙሉ አንድ ጫፍ ላይ ዓይኔን ተክዬ ዋልኩ። ማይክሮስኮፑ በ37 ዲግሪ ተሞቋል፣ ካሜራው በየጥቂት ሰከንዱ ያነሣል። ለዚህ ጉዳይ አዲስ የሆነ ሰው ካለ ከቁጥሩ በፊት ይህን ይይ እላለሁ።

ከግራ በኩል አንዲት ጣት ወጣች። ረዘመች፣ መስታወቱን ነካች፣ ተወዛወዘች፣ ተመልሳ ገባች። ወዲያው ከጎኗ ሌላ። አብዛኞቹ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። አንዳንዷ ግን ትይዛለች። ስትይዝ ትወጠራለች፣ ሽፋኑ በእሷ በኩል ይሞላል፣ ከኋላ ያሉት ማይክሮቲዩቡል የሚባሉ የአክሰኑ ውስጥ ቱቦዎች በዚያው በኩል ይገባሉ፣ ከዚያ ጫፉ ታጠፈ ማለት ነው። ከውጭ ለሚያይ ጫፉ የወሰነ ይመስላል። ነገሩ ግን የብዙ ትንንሽ ሙከራዎች ድምር ነው፤ ከብዙ ጣቶች የትኛዋ ያዘች፣ የትኛዋ ለቀቀች ነው።

ውስጡ ምን አለ? ጣቶቹም ሽፋኑም የተሠሩት አክቲን ከሚባል ፕሮቲን ክሮች ነው። አክቲኑ ፊት ለፊት ዳሩ ላይ ይገነባል፣ ማዮሲን የሚባል ጎታች ፕሮቲን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ ኋላ ላይ ይፈርሳል። ይህ ወደ ኋላ የሚፈስ ጅረት በደቂቃ ጥቂት ማይክሮሜትር ይሄዳል፤ ጫፉ ቆሞም ቢሆን አይቋረጥም። ሚቺሰን እና ኪርሽነር በ1988 ጅረቱ እንዴት ጉዞ እንደሚሆን ለማስረዳት የመኪና ፍሪሲዮን ሐሳብ አቀረቡ። ፍሪሲዮኑ ከተረገጠ ሞተሩ ቢጮህም መኪናው አይሄድም። እዚህ ፍሪሲዮኑ ኢንተግሪን ነው፤ በውጭ ላሚኒኑን፣ በውስጥ አክቲኑን ሲይዝ ጅረቱ ይዘገያል፣ ጉልበቱ መሬት ይረግጣል፣ ጫፉ ወደፊት ይሄዳል። ሳቢ ምልክት በአንድ ጎን መያዣውን ያጠብቃል፤ ገፊ ምልክት ደግሞ ያላላል፣ አክቲኑንም ያፈርሳል። ይህን ከያዛችሁ ከዚህ በኋላ ያለው አይከብድም።

ረቡዕ፣ ሴማፎሪኑ

ሴማፎሪን 3ኤን በ37 ዲግሪ በሞቀ ሚዲየም ቀላቅዬ ከዲሹ ዳር በቀስታ ጨመርኩ። ሙቀቱም ቀስታውም ግዴታ ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ ወይም ዘፍ ከተደረገ ጫፎቹ በምልክቱ ሳይሆን በድንጋጤ ይኮማተራሉ። ለዚህ ነው ጎኑ ያለው ዲሽ በዚያው መጠን፣ በዚያው ፍጥነት፣ ሴማፎሪን የሌለበት ሚዲየም ያገኘው።

ለትንሽ ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ ሽፋኑ ይሸበሸባል። ጣቶቹ መውጣታቸውን ያቆማሉ፤ የወጡት ይገባሉ፣ በቦታቸው አዲስ አይተካም። ዝርግ የነበረው ጫፍ በደቂቃዎች ውስጥ ኩምትር ይልና ጭራ ብቻ ይሆናል። አንዳንዱ አክሰን ራሱ ወደ ኋላ ይሳባል፣ የያዘበትን ቦታ ስለማይለቅም ከፊቱ ቀጫጭን ክሮች ተወጥረው ይቀራሉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከጫፎቹ አብዛኞቹ እንዲህ ሆነዋል። ጎኑ ያለው ዲሽ ላይ ግን ጉዞው እንደቀጠለ ነው።

ካፕፋመር እና ሬፐር በ1987 የሬቲና አክሰን ጫፍ የሲምፓቴቲክ ነርቭ አክሰንን ሲነካ እንዲህ ሲኮማተር አዩ። እስከዚያ ድረስ ብዙው ሰው አክሰን የሚመራው በሚስበውና በሚይዘው ነገር ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። የሬፐር ቡድን በ1993 ከጫጩት አንጎል ገፊውን ፕሮቲን አጥርቶ አወጣ፤ ያ ዛሬ ሴማፎሪን 3ኤ የምንለው ነው። ከሴሉ ላይ ኒውሮፒሊን 1 ይይዘዋል፤ ፕሌክሲን ደግሞ ወሬውን ወደ ውስጥ ያስገባል። ከፕሌክሲን ሥር ማይካል የሚባል ኢንዛይም አለ፣ አክቲንን ኦክሲዳይዝ አድርጎ ክሩን ይበታትናል። ጎን ለጎን ማዮሲን ይጠነክራል። ከታች ይፈርሳል፣ ከኋላ ይጎተታል፤ ያ ሁሉ መሸብሸብ የዚህ ውጤት ነው።

ሌላም ነገር አየሁ። ሴማፎሪኑን አጥቤ ንጹሕ ሚዲየም ስመልስ ጫፎቹ እንደገና ተከፈቱ። አልሞቱም ነበር። መኮማተር የሴል ጉዳት ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ መኮማተሩ ሴሉ ራሱ ለምልክቱ የሰጠው ምላሽ ነው።

ሐሙስ፣ ቆጠራ

ሴሎቹን በፓራፎርማልዲሃይድ እና ሱክሮስ ባሉበት ሁኔታ አጸናኋቸው፤ በሞቀ መፍትሔ፣ በቀስታ። ከዚያ አክቲኑን ፋሎይዲን በሚባል፣ አክቲንን በሚይዝ ማቅለሚያ አበራሁት። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው፦ ሽፋን የሌለውና ከሁለት የማይበልጥ ጣት ያለው ጫፍ «የተኮማተረ» ተብሎ ይቆጠራል።

መለኪያው ቀላል ቢሆንም ዓይን ያዳላል። ሴማፎሪን የገባበትን ዲሽ እያወቁ መቁጠር ዋጋ የለውም። ስለዚህ የላብ ባልደረባዬ የዲሾቹን ስም በኮድ ቀየረችልኝ። «ቆጥረህ እስክትጨርስ አልነግርህም፣ ብትለምነኝም» አለችኝ፤ እንዳለችውም አደረገች። ኮዱ ሲፈታ ልዩነቱ ግልጽ ነበር፣ ለክርክር የሚበቃ ቦታ አልተወም። ሴማፎሪን በሌለበትም ጥቂት የተኮማተሩ ጫፎች ይገኛሉ፤ ጫፍ በራሱ ጊዜ አንዳንዴ ይሰበሰባል፣ ያ መነሻ ቁጥር ሁሌ መቀነስ አለበት።

ሁሉም ጫፍ ግን አልተኮማተረም። ብዙ ሰው እነዚህን ያልተኮማተሩትን እንደ ጉድለት ያያቸዋል፤ እኔ ሥራዬ እዚያ ነው የሚጀምረው። በሽሉ ውስጥም እንዲሁ ነው። የሕመምና የሙቀት ነርቮች ህብለ ሰረሰር ውስጥ ገብተው ጀርባው በኩል ይቆማሉ፤ ከጡንቻ የሚመጡት ግን ወደ ሆዱ በኩል ዘልቀው ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱት ሞተር ነርቮች ጋ ይደርሳሉ። ሴማፎሪን 3ኤ የሚገኘው ሆዱ በኩል ነው። ሁለቱም አጠገቡ ይደርሳሉ፣ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል።

ዓርብ፣ ኤንጂኤፍን ማብዛት

ዛሬ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዲሾቹን በሁለት ከፈልኳቸው፦ ግማሾቹ በዝቅተኛ ኤንጂኤፍ ቆዩ፣ ግማሾቹ ሴማፎሪን ከመግባቱ በፊት በብዙ እጥፍ የበዛ ኤንጂኤፍ አገኙ። የሴማፎሪኑ መጠን ለሁሉም እኩል ነው። ቆጠራው አሁንም በኮድ ነው።

በዝቅተኛው ጫፎቹ እንደ ረቡዕ ኩምትር አሉ። በከፍተኛው ግን ብዙዎቹ ተዘርግተው ቀሩ። አንዳንዶቹ ሽፋናቸው ትንሽ ጠበብ ብሎ ጉዟቸውን ቀጠሉ፣ ሌሎቹ ምንም እንዳልሰሙ ሆኑ። ያው ሴል፣ ያው ዕድሜ፣ ያው ሴማፎሪን። ዶንቼቭ እና ሌቱርኖ በ2002 በጫጩት የስሜት ነርቭ ላይ ያሳተሙት ይህንኑ ነው፤ እኔ ደግሞ በራሴ ዲሽ ማየት ስለፈለግሁ ነው የደገምኩት፣ በማየቴም በጣም ደስ ብሎኛል።

ይህን ሳስበው በአካል ውስጥ ትርጉም ይሰጣል። ቆዳው ኤንጂኤፍ ያወጣል፣ አክሰኑም ቆዳው ጋ መድረስ አለበት። በመንገዱ ላይ ሴማፎሪን የሚያወጡ ቦታዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ጫፉ ለእያንዳንዱ ምልክት ለየብቻው የሚታዘዝ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው እንቅፋት ላይ ይቀር ነበር። ጫፉ ግን የደረሰውን ሁሉ ይደምራል፣ መልሱም ድምሩ ነው።

የሚቀጥለው ሰኞ፣ ውስጡን መንካት

አሁን ጥያቄው ድምሩ የት ነው የሚደመረው የሚል ነው። ከተጠርጣሪዎቹ ዋናው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ነው፣ ሴል ውስጥ ወሬ የምታመላልስ ትንሽ ሞለኪውል። ስለዚህ ኤንጂኤፉን ዝቅ አድርጌ ተውኩና ሳይክሊክ ኤኤምፒን ፎርስኮሊን በሚባል ኬሚካል ከፍ አደረግሁት። ከዚያ ሴማፎሪን።

መኮማተሩ ቀነሰ። ከውጭ ምንም ተጨማሪ ምልክት አልሰጠሁም፤ ውስጥ ያለችውን አንዲት ሞለኪውል ብቻ ነው ያበዛሁት። በተቃራኒው ከፍተኛ ኤንጂኤፍ ያለበት ዲሽ ላይ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚያዘውን ፒኬኤ የሚባል ኢንዛይም ሳግደው የኤንጂኤፉ መከላከል ደከመ። ሁለቱ ውጤቶች ወደ አንድ ቦታ ነው የሚያመለክቱት።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። የሙ-ሚንግ ፑ ቡድን በ1990ዎቹ መጨረሻ በእንቁራሪት ነርቮች ላይ ሠርቶ ማዳከም ብቻ ሳይሆን መገልበጥም እንደሚቻል አሳየ። ወደ ኔትሪን ይሳብ የነበረ ጫፍ የሳይክሊክ ኤኤምፒ መንገዱ ሲታገድ ሸሸ። ከሴማፎሪን ይሸሽ የነበረው ደግሞ የሳይክሊክ ጂኤምፒ (የሳይክሊክ ኤኤምፒ ዘመድ የሆነች ሞለኪውል) መንገድ ሲነቃበት ተሳበ። «ገፊ» የሚለው ስም እንግዲህ ለፕሮቲኑ የተሰጠ ቢሆንም ግማሹ የሴሉ ነው።

ለሴሉ ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ከህብለ ሰረሰር አንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚሻገሩ አክሰኖችን ውሰዱ። መሀል ላይ ያሉት ሴሎች ኔትሪን ያወጣሉ፣ አክሰኖቹ ወደዚያ ይሳባሉ። ከተሻገሩ በኋላ ግን ተመልሰው መሳብ የለባቸውም፣ ካልሆነ እዚያው ይሽከረከራሉ። ስለዚህ ሲሻገሩ ይለወጣሉ፦ ለኔትሪን የነበራቸው ፍላጎት ይጠፋል፣ እዚያው መሀል ላይ ያለው ስሊት የሚባል ገፊ ፕሮቲን ቀድሞ አልነካቸውም ነበር፣ አሁን ይገፋቸዋል። ቦታው ያው ነው፣ ፕሮቲኖቹም ያው ናቸው። ይህ ሲበላሽ በሰው ላይ ይታያል። የኔትሪን ተቀባይ የሆነው ዲሲሲ ጂን ላይ ጉድለት ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ቀኝ እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ ግራውም ሳይፈልጉ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ይህ በ2010 ነው የታወቀው። ሮቦ3 ጂን የተበላሸባቸው ደግሞ ዓይናቸውን ወደ ጎን ማዞር አይችሉም፣ አከርካሪያቸውም ይጣመማል። እዚያ አክሰኖቹ መሻገር ሲገባቸው ሳይሻገሩ ቀርተዋል።

ረቡዕ፣ ክሩን መቁረጥ

አጭር ሙከራ ነው፣ ግን ለረጅም ጊዜ ስመኘው የነበረ። ቋጠሮውን ከአክሰኖቹ በስል ምላጭ ቆርጬ አነሣሁት። ዲሹ ላይ የቀሩት የሴል አካል የሌላቸው ክሮችና ጫፎች ብቻ ናቸው። ኒውክለስ የለም፣ ዲኤንኤውም የለም።

ጫፎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። ጣት ያወጣሉ፣ ይመልሳሉ፣ ይጓዛሉ። ሴማፎሪን ስጨምር ተኮማተሩ። ማለትም ምልክቱን የሚያነብበውም የሚመልሰውም ጫፉ ራሱ ነው፤ መመሪያ ከሴሉ አካል አይጠብቅም። ሃሪስ፣ ሆልት እና ቦንሆፈር በ1987 በሕያው የእንቁራሪት ሽል አንጎል ውስጥ ከዓይኑ የተቆረጠ አክሰን መንገዱን ይዞ ወደ መድረሻው ሲሄድ አይተዋል። ካምቤል እና ሆልት ደግሞ በ2001 ጫፉ በውስጡ ባለው ኤምአርኤንኤ (ከዲኤንኤ የተቀዳ የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ) በቦታው ፕሮቲን እንደሚሠራ፣ ያ ሲታገድ ለአንዳንድ ምልክቶች የሚሰጠው መልስ እንደሚጠፋ አሳዩ። አንዳንድ አክሰን ከሴሉ አካል በጣም ይርቃል፤ እስከዚያ ድረስ ወሬ ተልኮ መልስ ቢጠበቅ ጫፉ መታጠፊያውን አልፎት ይሄዳል።

ለእኔ ጥያቄ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «የሴሉ ሁኔታ» ስል የቆየሁት በትክክል የጫፉ ሁኔታ ነው ማለት ነው። አንድ ሴል ሁለት ቅርንጫፍ ቢኖረው፣ ሁለቱ ጫፎች ለአንድ ምልክት ሁለት መልስ ሊሰጡ ይችላሉ።

ዓርብ፣ ፒፔት

እስካሁን ሴማፎሪኑን መላውን ዲሽ ነው ያጠጣሁት። በአካል ውስጥ ግን ምልክት በአንድ በኩል ይበዛል፣ በሌላው ያንሳል። ዛሬ በጣም ቀጭን ፒፔት ከጫፉ 100 ማይክሮሜትር ርቀት፣ ከጉዞው አቅጣጫ በ45 ዲግሪ አስቀምጬ በትንንሽ ግፊት እያንጠባጠብኩ ለአንድ ሰዓት ያህል ተከታተልኩ። መንገዱ የቆየ ነው። ጉንደርሰን እና ባሬት በ1979 የጫጩት የስሜት ነርቭ አክሰን ኤንጂኤፍ ወደሚያፈስ ፒፔት ሲታጠፍ ያሳዩት በዚህ ዓይነት ሙከራ ነው። በዚህ ርቀት በጫፉ ግራና ቀኝ ያለው የመጠን ልዩነት ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ይሆናል።

መጀመሪያ ኤንጂኤፍ። ፒፔቱ በኩል ያሉት ጣቶች በዙ፣ ሽፋኑ በዚያ ተነፋ፣ ጫፉ ቀስ ብሎ ወደዚያ ዞረ። ፒፔቱን ወደ ሌላው ጎን ሳዛውረው ጥቂት ቆይቶ ተከተለው። ከዚያ ሴማፎሪን፣ በሌላ ጫፍ ላይ። አልተኮማተረም። ፒፔቱ በኩል ያለው ሽፋን ብቻ ተሸበሸበ፣ እዚያ ያሉት ጣቶች ገቡ፣ ሌላው ጎን ግን መዘርጋቱን ቀጠለ፤ ጫፉም ራቅ ብሎ ታጠፈ። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ያየሁት መኮማተር ይኸው ነገር በሁሉም ጎን በአንዴ ሲሆን ነው። ዲሽ ሙሉ ሴማፎሪን ለጫፉ የሚሸሽበት አቅጣጫ አይተውለትም።

የጫፉ ስሜት ምን ያህል ስለታም እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ውጤት መጥቀስ አለብኝ። የጉድሂል ቡድን በ2004 በጄል ውስጥ በጥንቃቄ የተለካ የኤንጂኤፍ ልዩነት ዘርግቶ ሞከረ። የስሜት ነርቭ አክሰኖች በጫፋቸው ስፋት ላይ 0.1 በመቶ ገደማ የሆነ ልዩነት ለይተው ወደ በዛበት አደጉ። ያ በጫፉ ግራና ቀኝ የአንድ ሞለኪውል ያህል ልዩነት ማለት ነው። ይህ የታየው ግን ኤንጂኤፉ በተመቻቸ መጠን ላይ ሲሆን ነው፤ መጠኑ በጣም ከበዛ ተቀባዮቹ ሁሉ ስለሚያዙ ግራና ቀኙ አንድ ይሆናል፣ በጣም ካነሰ ደግሞ የሚነበብ ነገር አይኖርም።

ቅዳሜ፣ ቀጣዩ

እስካሁን ያየሁት ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ነው፤ ሴማፎሪኑን ሳልነካ መልሱን በኤንጂኤፍ መጠን፣ በሳይክሊክ ኤኤምፒ፣ በፒኬኤ ቀይሬዋለሁ፣ ለውጡም የተቆረጠ ጫፍ ውስጥ ሊሆን የሚችል ነው። ፒፔቱን ከከፍተኛ ኤንጂኤፍ ጋር ገና አላገናኘሁትም። ያ ነው የሚቀጥለው፤ ዲሹ በኤንጂኤፍ ሞልቶ ሳለ ጫፉ ከሴማፎሪን ፒፔት መሸሹን ይተው እንደሆነ፣ ወይስ የማጠፊያው ማዕዘን ብቻ ይቀንስ እንደሆነ መለካት እፈልጋለሁ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መተው ከሆነ ኤንጂኤፍ ምልክቱን ይዘጋል፤ መቀነስ ከሆነ ይመዘንበታል። እኔ መቀነስ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ባለፈው ሳምንት ዓርብ በከፍተኛ ኤንጂኤፍ ከተረፉት ጫፎች አንዳንዶቹ ሽፋናቸው ጠበብ ብሎ ነበር፣ ስለዚህ እነሱ ሴማፎሪኑን ሰምተውታል።

ጎን ለጎን ከዚያው ዕድሜ ቋጠሮዎችን በኤንጂኤፍ ፋንታ ኤንቲ3 በሚባለው ማሳደጊያ አሳድጋለሁ። በኤንቲ3 የሚተርፉት ከጡንቻ የሚመጡት ናቸው፣ እነዚያ ሆዱ በኩል ሴማፎሪኑን አልፈው የሚሄዱት። እነሱ ላይ ሴማፎሪን ብዙ ለውጥ ካላመጣ፣ ቀጥዬ ኒውሮፒሊን 1ን በፀረ እንግዳ አካል አብርቼ አያለሁ። ተቀባዩ ከሌላቸው ምልክቱ ጭራሽ አልደረሳቸውም ማለት ነው። ተቀባዩ ኖሮ ካልተኮማተሩ ግን ፎርስኮሊኑን እና የፒኬኤ ማገጃውን ይዤ ወደነሱ እሄዳለሁ።